ፓራፋንጎ ለምታስቆርጡ ሁሉ፦ ሬንጅ ከመቀባቱ በፊት ብየዳውን በዓይናችሁ እዩ

የመኪናዬን የኋላ ፓራፋንጎ (በጎማው ዙሪያ ያለውን የመኪናውን አካል ላሜራ) ቆርጠው «ዘግተነዋል» ብለው ያስረከቡኝ ሰዎች የዘጉት በስፖንጅ፣ በሲሊኮን፣ በስቱኮና በሬንጅ ነበር። ከሬንጁ ሥር ጣት የምታህል ብየዳ እንኳን አልነበረችም። ይህን ያወቅኩት ከአምስት ወር በኋላ፣ ላሜራው ከውስጥ ከተበላ በኋላ ነው። ትልቅ ጎማ ለመግጠም ያሰባችሁ ሁሉ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

መኪናዬ ባለ አምስት በር የድሮ ሱዙኪ ቪታራ ናት። ወንድሜ አፍዴራ ጨው ማምረቻ ላይ ስለሚሠራ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በአዋሽና በሰመራ በኩል እጠይቀዋለሁ። ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ የሚገጥመው አሸዋና ጥቁር ድንጋይ ለትንሽ ጎማ አይመችም። የመኪናዋ ጎማ 205/75 በ15 ነበር፤ ቁመቱ 69 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ልገጥምላት የፈለግኩት ባለ 31 ኢንች ጎማ ደግሞ 79 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከመሐሉ ወደ ዳር ሲለካ አምስት ሴንቲ ሜትር ጨመረ ማለት ነው። ረጅም ሞላ (ስፕሪንግ) በማስገባት ብቻ ይህን ቦታ ማግኘት አይቻልም፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ጎማው ወደ ላይ ወጥቶ ላሜራውን ይፈጨዋል። ስለዚህ ማስቆረጤ ራሱ ስሕተት አልነበረም። በነገራችን ላይ፣ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ይህን ጎማ የገጠመ ሰው የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳየው በእውነት የሚሄደው 91 ያህል መሆኑን ይወቅ። እኔ ይህንንም የነገረኝ አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ጋራዥ ሞላውን ለመቀየር፣ አራቱንም ፓራፋንጎ ለመቁረጥ፣ ለመዝጋትና ለመቀባት በጠቅላላው 45,000 ብር ጠየቀኝ። ሥራው በሁለት ቀን ያልቃል አሉኝ። ከዚያ በፊት ያነጋገርኳቸው ሁለት ጋራዦች ለላሜራው ሥራ ብቻ ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብና አንድ ሙሉ ሳምንት ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ርካሹንና ፈጣኑን መረጥኩ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሄጄ ሳይ የጎማው ቤት ውስጡ በሚያብረቀርቅ ጥቁር ሬንጅ ተለብጧል፤ የተቆረጠው ጠርዝ በወፍራም ጎማ ተሸፍኗል። እጄን አስገብቼ ዳሰስኩት፤ ለስላሳ ነበር። ስለ ዋስትና ስጠይቅ «ዕድሜ ልክ ነው» አሉኝ። በጽሑፍ ግን ምንም አልሰጡኝም።

የማያውቅ ሰው በቀላሉ የሚታለልበት ምክንያት አለ። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ መኪኖች የፊቱ ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ አንድ ላሜራ ነው። ተቆርጦ ጠርዙ በደንብ ከተሞረደና ፀረ ዝገት ከተቀባ ነገሩ አበቃ። የኋላው ግን ሌላ ነው። ከውጭ የምናየው ላሜራና ጎማውን ከላይ የሚያቅፈው የውስጥ ላሜራ ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው። የሚገናኙት በጎማው ዙሪያ ባለው ከንፈር ላይ ሲሆን፣ ፋብሪካው እዚያ ላይ በነጥብ በነጥብ በይዷቸዋል። ከዚያ ከንፈር በላይ በሁለቱ መካከል ክፍት ቦታ አለ። ግራይንደሩ ከንፈሩን አልፎ ሲቆርጥ ብየዳውም አብሮ ይወድቃል። ሁለቱ ላሜራዎች ይለያያሉ፤ በመካከላቸውም አፉን የከፈተ ስንጥቅ ይቀራል፤ አንዳንድ ቦታ አንድ ጣት፣ አንዳንድ ቦታ እስከ አራት ጣት ይሰፋል። ጎማው የሚረጨው ጭቃ፣ ውሃና ጠጠር በቀጥታ የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ክፍት ቦታ እስከ ልጆቻችሁ መቀመጫ ያለው ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ላሜራና የፕላስቲክ ሽፋን ብቻ ነው። እንደ ቪታራ ከሥር ሻንሲ (አካሉን የሚሸከም የብረት ፍሬም) ያለው መኪና ቢያንስ ሸክሙን የሚያሳርፍበት ሌላ ብረት አለው። እንደ ድሮው ጂፕ ቼሮኪ አካሉና ሻንሲው አንድ በሆነ መኪና ላይ ግን ይህን መጋጠሚያ ሳይበይዱ መተው የመኪናውን አጥንት ማላላት ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ቤተሰቤን ይዤ ወደ አፍዴራ ወረድኩ። ነገሩን ቀድማ ያየችው ባለቤቴ ናት። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ እያለ ከኋላ የተቀመጡት የልጆቹ ፀጉር አቧራ ለብሶ ነበር። እኔ የኋላ በሩ ማሸጊያ ጎማ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ጎማውን አስቀየርኩ። ሐምሌ ላይ የኋላው ምንጣፍ ረጠበ። ነሐሴ ላይ መብራት ይዞን ስንቆም የጭስ ማውጫው ሽታ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚሸተን ከእሱ ጋር የሚወጣው ሌላው ጭስ ነው። ሽታው ከገባ እሱም አብሮ ገብቷል። ልጆቼ በዚያ መኪና ውስጥ ተኝተው ረጅም መንገድ ተጉዘዋል።

መስከረም ላይ መኪናዋን ወደ አንድ አንጋፋ የላሜራ ባለሙያ ወሰድኳት። ብዙም አልመረመሩም። ካቻቢቴያቸውን ሬንጁ ላይ አድርገው ገፋ ሲያደርጉት እስከ እጀታው ገባ። «ልጄ፣ ይህ አልተበየደም» አሉኝ። ሬንጁ ሲላጥ ስቱኮ ወጣ፤ ከስቱኮው ሥር ሲሊኮን፣ ከሲሊኮኑ ሥር ደግሞ ስንጥቁን እንዲሞላ የተጠቀጠቀ የፍራሽ ስፖንጅ። ስፖንጁን ሲጨምቁት ቡናማ ውሃ ወረደ። የአፍዴራ ጨው የገባበት ስፖንጅ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ላሜራው ላይ ተለጥፎ ከርሟል። «ጋሼ፣ ይድናል?» ብዬ ስጠይቃቸው «ይድናል፤ ግን መጀመሪያ ቢሠራ ከሚያስወጣህ ይበልጣል» አሉ።

ከእነዚህ ነገሮች አንዳቸውም ስንጥቅ ለመዝጋት የተሠሩ አይደሉም። ስቱኮ የተበየደና የተስተካከለ ላሜራ ላይ ያለውን ትንሽ ጎርባጣ ለመሙላት ነው፤ ውሃ ይመጥጣል፣ አካሉ ሲወዛወዝም ይሰነጠቃል። ሲቀባ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ተራ ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ ያ አሲድ እርቃኑን የቀረ ብረት ይበላል፣ ቀለምም አይዝበትም። ሬንጅ ደግሞ በንጹሕና በተቀባ ላሜራ ላይ ሲሆን ይጠቅማል፤ በተቆረጠ እርቃን ብረት ላይ ሲሆን ግን እርጥበቱን ከውስጥ ቆልፎ ዝገቱን ከዓይን ይሰውረዋል። የእኔዎቹ ይባስ ብለው ከታች ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎችም በሬንጅ ደፍነዋቸው ነበር።

ትክክለኛውን ሥራ ያየሁት እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነው፤ ስድስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈቱ። ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የፕላስቲክ ሽፋኑንና በአካባቢው የሚያልፈውን የመብራት ሽቦ አወጡ፤ የነዳጅ መሙያው ቱቦም ተነሣ። ይህን ሁሉ ሳይፈታ ሊበይድ የሚነሣ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ እሳቱ የሚነሣው ከዚያ ነው። የዛገውን ሁሉ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ቆርጠው ጣሉ። ከዚያ የውስጠኛውን ላሜራ ጠርዝ በሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር ልዩነት እየሰነጠቁ፣ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ በመዶሻ ወደ ውጭ አጥፈው ከውጩ ላሜራ ጋር አገናኙት። ማጠፉ በማይደርስበት ሰፊ ቦታ ላይ በካርቶን ልክ አውጥተው ከአዲስ የአንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጠው ሞሉት።

ብየዳው ሚግ የሚባለው የጋዝና የቀጭን ሽቦ ብየዳ ነበር። የመኪና ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ የበርና የመስኮት ፍሬም የሚበየድበት ኤሌክትሮድ ይበሳዋል። አንድ ቦታ ጠብ ያደርጉና ራቅ ወዳለ ቦታ ይሄዳሉ፤ ያኛው ሲቀዘቅዝ ይመለሳሉ። በአንድ ጊዜ ቢያስኬዱት ሙቀቱ የውጩን ላሜራ ያጣምመዋል። የሚነካኩትን ገጾች ከመጋጠማቸው በፊት ዚንክ የበዛበትና በላዩ ላይ መበየድ የሚቻል ቀለም ቀቧቸው፤ ከተበየደ በኋላ እዚያ ውስጥ ብሩሽ አይገባምና። ብየዳው ተሞርዶ ካለቀ በኋላ የኢፖክሲ ፀረ ዝገት ተቀባ፤ በእሱ ላይ የመኪና መጋጠሚያ ማሸጊያ፣ ቀጥሎ ቀለም፣ በመጨረሻም ጠጠር የሚከላከለው ጥቁር ልባስ። ሁሉም ሲደርቅ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ከውስጥ በኩል በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ፈሳሽ ሰም ረጩበት። የውሃ መውረጃዎቹን እያንዳንዳቸውን በሽቦ ጠረጓቸው።

ስለዚህ ለማስቆረጥ ከወሰናችሁ፣ ከመቆረጡ በፊት ስንጥቁ በምን እንደሚዘጋ ጠይቁ። መልሱ ውስጥ «ብየዳ» የሚል ቃል ከሌለ ሌላ ቦታ ሂዱ። ብየዳው ካለቀ በኋላ፣ ገና ምንም ሳይቀባ፣ ሄዳችሁ እዩትና ፎቶ አንሡ፤ የመጨረሻውን ክፍያ እስከዚያ ያዙ። ይህን የሚከለክላችሁ ጋራዥ የሚደብቀው ነገር አለው። ተቀብቶ ካገኛችሁትም መፈተሻ አለ። በትንሽ ማግኔት ዙሪያውን ሂዱበት፤ ላሜራ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ የማይዝ ከሆነ ሥሩ ስቱኮ ነው። ማታ አንድ ሰው ከጎማው በኩል ባትሪ እያበራ እናንተ ከውስጥ ሆናችሁ ብርሃን ፈልጉ። በመጨረሻም የውሃ ጎማ ወደ ጎማው ቤት አስረጩና ምንጣፉን በእጃችሁ ዳስሱ።

ለሁለተኛው ሥራ 70,000 ብር ከፈልኩ። የመጀመሪያውን ጋራዥ ሄጄ ስጠይቅ «የአፋር መንገድ ነው ያበላሸው» አሉኝ፤ ስፖንጁን ባሳያቸውም «እኛ አናውቀውም» አሉ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የመኪና ጥገና» የሚል ብቻ ስለሆነ ለመበየድ ተስማምተው እንደነበር ማስረጃ የለኝም። እናንተ ደረሰኙ ላይ «የኋላ ፓራፋንጎ የውስጥና የውጭ ላሜራ ብየዳ፣ ግራና ቀኝ» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ።

መኪናችሁ ቀደም ሲል የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ መድቡለት። የኋላው የጎን ፕላስቲክ በጥቂት ብሎኖችና ክሊፖች የተያዘ ነው፤ ፈትታችሁ በእጅ ባትሪ ወደ ታች ስታዩ እርጥብ አፈር ወይም ስፖንጅ ከታያችሁ በዚያው ሳምንት አስከፍቱት፤ እስከዚያም ማንንም ከኋላ አታስቀምጡ።