«ብርዱን እናሳልፍልሽ» ብለው ሞንስቴራዬን ቆራርጠው ሸጡት

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ካደረ ይለዝብና «ይቅር፣ ተክል አይደል እንዴ» ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቀዋለሁ።

ባሕር ዳር ሆነው «ለደጋ ደንበኞቻችን፦ አበባዎን በብርዱ ወራት እናቆያለን፣ እናባዛለን፣ ሲሞቅ እንመልሳለን» እያሉ የሚያስተዋውቁትን ችግኝ ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ቪዲዮው ላይ ክራር ይደረደራል፣ ቅጠል ላይ ውሃ ይረጫል፣ ዋጋ ስትጠይቁ «በውስጥ መስመር» ይባላል። ብሩን በቴሌብር እስክታስገቡ ድረስ «እናታችን፣ እመቤታችን» ነው። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። ማን እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም፤ የባሕር ዳር ልጆች ግን ከአነጋገሩ ትለዩዋቸዋላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከተማችን ከባሕር በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ይህ ልዩነት ለሰው ጋቢ ከመደረብ አያልፍም። ለሞንስቴራ ግን ሞትና ሕይወት ነው። ተክሉ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው እርጥብና ሞቃት ጫካ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ነው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ማደጉን ያቆማል፣ ብርዱ ሲጠናበት ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ይዝላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። በእኛ በኩል ደግሞ ብርዱ የሚጠናው በክረምት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው እንደ ክዳን ሆኖ የሌሊቱን ሙቀት ይይዝልናል፤ የዚያን ጊዜ ተክል የሚገድለው ውሃ የጠገበ አፈርና የፀሐይ እጦት ነው። ብርዱ የሚመጣው ሰማዩ ሲጠራ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሰማይ ይሄድና የጮቄ ተራራ ንፋስ ይገባል። ጮቄ ግርጌ ያሉት ገበሬዎች በእነዚህ ወራት ውርጭ ድንቻቸውን ሲያቃጥለው ያያሉ። የእኔ ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ መስኮቱም ወደ ንፋሱ ነው።

ስለዚህ «የብርድ ማሳለፊያ» ሲሉ ነገሩ ሞኝነት አልመሰለኝም፤ አሁንም አይመስለኝም። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዋጋው ለአንድ ባልዲ በወር 300 ብር፣ የአራት ወር ቀድሞ የሚከፈል፣ የሚባዛው ደግሞ እኩል፣ ግማሹ ለእኔ ግማሹ ለእነሱ። እኩል ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገርም፤ መሬቱንም ከብቱንም በእኩል ሰጥቶ ተቀብሎ የኖረ ሕዝብ ነው። ሦስት ባልዲ ሰጠሁ፦ ሞንስቴራው፣ አንድ ክሮቶንና አንድ ዲፈንባኪያ። 3,600 ብር ከፈልኩ። መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን በዘመድ አይሱዙ፣ እንጅባራ ላይ ብርዱ እንዳይመታቸው በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ራሴ አብሬ ሄጄ አስረከብኩ። የተቀበለኝ ባለቤቱ ነው። በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ፤ «እትዬ፣ ይህን የመሰለ እናት ተክልማ ባሕር ዳርም የለ!» አለ።

ሞንስቴራው በእርግጥም የሚያምር ነበር። ወደ ላይ የሚወጣበት የእንጅባራ ቀርከሃ ተክዬለት፣ ግንዱን በአሮጌ ነጠላዬ ጥለት ከቀርከሃው ጋር አስሬዋለሁ። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው፣ አንዱ ጫፉ ላይ የከሰል እሳት ያቃጠለው ቀዳዳ አለ። ይህን የምነግራችሁ ለጌጥ አይደለም፤ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

በመካከሉ ፎቶ ላኩልኝ ስል ይልኩ ነበር። ሁልጊዜ ከአንድ ጎን የተነሳ፣ ሁልጊዜ ያው ጥላ ያው ቅጠል ላይ ያረፈበት ፎቶ። «ደህና ነች፣ ወፍራለች» ይላሉ። ተክል ወፈረ ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ ልወስድ ሄድኩ። ባለቤቱ የለም። አንዲት ልጅ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች፣ አንድ ልጅ ደግሞ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ከትቶ አፈር ያበጥራል። ስሜን ነገርኳት፤ ቀና ሳትል «የደብረ ማርቆሷ ማዘር» ብላ ለልጁ ነገረችው። እሱ ገብቶ ባልዲዎቹን አመጣ። ክሮቶኑ ቅጠሉን አራግፎ በትር ሆኗል፤ ክሮቶን ቦታ ሲቀየርበት ያራግፋል፣ ያንን አልከሰስኩም። ዲፈንባኪያው አጥሯል፣ ግን ሕይወት አለው። ሦስተኛው ባልዲ ሲመጣ ዓይኔ አላመነም። አምስት ቅጠል፣ ትልልቅ፣ በዘይት ተወልውለው የሚያብለጨልጩ፣ ዙሪያውን ተሰክተው። ግንድ የለም። ቀርከሃ የለም።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አልኳት።

«ያንቺ ነው ማዘር፣ ስምሽ ተጽፎበታል» አለች። እውነትም ባልዲው ላይ ስሜ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ባልዲውማ የእኔ ነው።

አንዱን ቅጠል ፊቱን ወደ እኔ ላዞር ያዝ አደረግኩት። ጎተትኩት እንኳ አልልም፤ ነካሁት። ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ታችኛው ጫፉ በቢላ ገደድ ተደርጎ የተቆረጠ ነው፣ ነጭ፣ ንጹሕ፤ ፀጉር የምታህል ሥር እንኳ የለበትም። ሁለተኛውን ያዝኩ፤ እሱም መጣ። ሦስተኛውም። አምስቱንም እንደ ቄጤማ በእጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አወጣና «ማዘር፣ ተክል ይነቀላል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። ቅጠሎቹ ሲወጡ አፈሩ እንኳ አልተነቃነቀም እኮ! ባልዲው ውስጥ ያለው አፈር ትናንት የተሞላ፣ ያልረጋ፣ ጣት ሲገባበት የሚሰምጥ ነው።

ቀና ስል ከላስቲክ ቤቱ ጥግ ቀርከሃዬን አየሁት። ጥለቱ አለ፣ የተቃጠለችው ቀዳዳም አለች። ከቀርከሃው ጋር የታሰረው ግን ክንድ የማይሞላ ጉቶ ነው፤ አናቱ ተቆርጧል፣ ጎን ለጎን የተቆረጠበት ቁስል ገና አልደረቀም። ከእሱ ሥር በትንንሽ ጥቁር ላስቲክ የተሰለፉ ችግኞች አሉ፣ አንዳንድ አንጓና አንዳንድ ቅጠል ያላቸው፣ ሥራቸው በላስቲኩ ቀዳዳ ብቅ ያለ። ካርቶን ላይ «ሞንስቴራ ቤቢ 600 ብር» ይላል።

አንጓ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ ማጭበርበሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሞንስቴራ የሚባዛው በግንጣይ ነው፣ ግንጣዩ ላይ ግን የግንዱ አንጓ መኖር አለበት። ቅጠሉ ከግንዱ የሚወጣበት ያ ጉብ ያለ ቦታ ነው፤ የአየር ሥሩም ከዚያው ይወጣል፣ አዲሱ ቡቃያም እዚያው ነው የተደበቀው። ከአንጓው ዝቅ ብሎ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ወይም እርጥብ አሸዋ ላይ ሙቀት ካገኘ በሳምንታት ውስጥ ሥር ይሰዳል። ቅጠሉን ከነአገዳው ብቻ ብትተክሉት ግን ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆም ይችላል፤ ቡቃያ አያወጣም፣ ዘላለም አያወጣም። ደግነቱ ለሌባ ነው፤ ተሸክማችሁ ቤት ትገቡና ጥፋቱ ሲታይ «ቤትሽ ብርድ ነው፣ አንቺ ነሽ የገደልሽው» ይባላል። እኔም ቅጠሉ እጄ ላይ ባይቀር ኖሮ ቤቴን ነበር የምረግመው።

ልጅቷን «ይሄ ቅጠል አንጓ የለውም» አልኳት። «እኛ በቅጠል ነው የምናባዛው» አለች። በቅጠል የሚባዛማ አለ፤ ሳንሰቬሪያ ቅጠሉ ተቆራርጦ ቢተከል ይበቅላል፣ ቤጎንያም እንዲሁ። ሞንስቴራ ግን የጎደሬ ዘመድ ነው፤ ጥሬው ሲነካ የሚያሳክከው ፈሳሹ እንኳ እንደ ጎደሬው ነው። ጎደሬን በቅጠሉ የተከለ ሰው አይታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ማዘር፣ እኔ ግብርና አልተማርኩም» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ባለቤቱን ደውይ አልኳት። ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ያ «እትዬ» ያለኝ ሰውዬ፣ ድምፁ ሳይለወጥ፣ ሳይቸኩል፣ እንዲህ አለኝ፦ «እርስዎ የሰጡን እንዲባዛ አይደለም? በዛልዎት። እኩል ነው ያልነው፤ ግንዱ ለእኛ፣ ቅጠሉ ለእርስዎ።»

ማርቆስን! ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። ጭድ ለባለ መሬቱ፣ እህሉ ለአራሹ ያለ ሰው ከዚህ በፊት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እናት ተክሉ የእኔ ነው፣ የተባዛው ነው እኩል የሚሆነው አልኩት። «ደብተር ላይ እንደዚያ አልተጻፈም» አለ። ደብተሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ልጅቷ አነበበችልኝ፤ ስሜ፣ ስልኬ፣ «3 ባልዲ»። ሌላ የለም። ደረሰኝም አልሰጡኝም ነበር። ከዚያ ሰውየው ያለውን ስሙልኝ፦ «ከቤቢዎቹ ከፈለጉ ግን ለእርስዎ በ550 እናደርጋለን።»

ከራሴ ተክል የተቆረጠውን፣ ለማቆያው ከፍዬ፣ ሃምሳ ብር ቅናሽ!

ልጁ ይህን ሲሰማ እንደገና ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከብሩም ከተክሉም ይልቅ ያ ሳቅ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አንዲት የደጋ ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አምስት ቅጠል ታቅፋ ቆማ፣ ስለ አንጓ ስታወራ ለእነሱ ቲያትር ነበርኩ። ጉቶውን ልውሰድ ስል «እሱ ተሽጧል» አሉ። ማን ነው ጉቶ የሚገዛ? ጉቶው እኮ ሙቀት ካገኘ ከቀረችው አንጓ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ለዚህ ነው የማይሰጡኝ፣ ለከርሞ የሚቆረጥ አላቸው። ጥለቴን እንኳ ልፍታ ብዬ እጄን ስዘረጋ ጥበቃው መጥቶ «ዕቃ አይነካም» አለኝ። የእኔን ነጠላ!

ክሮቶኑንና ዲፈንባኪያውን ይዤ ወጣሁ። ቅጠሎቹን ጠረጴዛዋ ላይ ትቼላት ሄድኩ፤ ኋላ ዞር ስል ልጁ መልሶ ባልዲ ውስጥ ሲሰካቸው አየሁ። ምናልባት ለሚቀጥለው ሰው ናቸው። የመርጦ ለማርያም ወይም የዳንግላ ሰው ከሆናችሁ፣ በዘይት የሚያብለጨልጭ አምስት ቅጠል ያለው ባልዲ ከሰጧችሁ፣ ከእኔ የተረፈ መሆኑን እወቁ።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። አመለክታለሁ። ደረሰኝና ውል የሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚሰማ ግን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ለምክር ያህል፦ ተክል ለማቆየት የምትሰጡ ከሆነ ከነግንዱ ፎቶ አንሱት፣ አንጓውን ቁጠሩና በጽሁፍ አስፈርሙ፣ «እናት ተክሉ አይቆረጥም» የሚል ቃል ይግባበት። ስትረከቡ ቅጠሉን አትዩ፤ ግንዱን ያዙና ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ይሻላል ብዬ የማስበው ግን አለመስጠቱ ነው። ከሲሚንቶው አንስታችሁ ሳንቃ ላይ አስቀምጡት፣ ማታ ማታ ከመስኮቱ ራቅ አድርጉት፣ አፈሩ ከላይ ሳይደርቅ ውሃ አትጨምሩ፣ እስከ የካቲት ፍግም አይቅረበው። ቅጠል ቢቀንስም ግንዱ ይተርፋል። መቁረጥና ማባዛቱ ሲሞቅ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ በገዛ እጃችሁ ይሁን።

የቦታውን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እዚያ የተሸጠ «ቤቢ» የገዛ ሰው ካለም አልከስም፣ አልቀየምም፤ ሲያድግ አንዲት አንጓ ከነአየር ሥሯ ይሽጥልኝ፣ በ600 እገዛለሁ።