ደብረ ማርቆስ ላይ «ድምፅ ያጠራል» ተብሎ የሚሸጠውን የመብራት ገመድ እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አምፕሊፋየርና ስፒከር ከሚሸጡ ሱቆች በአንዱ ትናንት 6,500 ብር ተበላሁ። ያውም ከግድግዳው ሶኬት እስከ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ለሚደርስ የአንድ ሜትር ተኩል ገመድ! ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ሁሉ፣ ይህ ገመድ እናንተም ጋ መድረሱ አይቀርምና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ጋይንት ቤተልሔም ወርደው ድጓ ያስመሰከሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ሌሊቱን መቆም ስላልቻሉ፣ የተቀዳ ማኅሌት ቤት ሆነው ያዳምጣሉ። አምፕሊፋየራችን ግን ከሥር «እምምም» እያለ ያጉረመርማል፤ ያ ጉምጉምታ ዜማውን ይበርዝባቸዋል። ይዘነው የሄድነው እሱን ለማስጠፋት ነበር።

የሻጮቹን ነገር ታውቁታላችሁ። ወንበር ይቀርባል፣ ሻይ ይታዘዛል፣ «አባታችን እንዴት ዋሉ» ይባላል፤ ከዚያ «ከዱባይ የገባ ነው፣ አንድ ብቻ ነው የቀረን» ይመጣል። መጀመሪያ ሻጩ 5000 ዋት የሚል ወረቀት የተለጠፈበት አምፕሊፋየር ሊሸጥልን ሞከረ። ጀርባውን ሳዞረው ፋብሪካው የጻፈው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 120 ዋት ይላል። ከመስመር 120 ዋት የሚወስድ ዕቃ 5000 ዋት ከየት አምጥቶ ያወጣል? ይህን ስጠይቀው ወሬውን ወደ ገመዱ አዞረው። «ችግሩ የአገራችን መብራት ቆሻሻ መሆኑ ነው። ይህ ገመድ ያጣራዋል፤ ጉምጉምታውም ይጠፋል፣ ቤዙም ይወፍራል» አለን።

የሆነውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። የእኛን አምፕሊፋየር በአሮጌው ገመድ ሰካና መዝሙር ከፈተ። የአምፕሊፋየሩ መስኮት ላይ የሚታየው የድምፅ ቁጥር 22 ነበር። አጠፋው፤ ጎንበስ ብሎ አዲሱን ገመድ ሰካ። መልሶ ሲያበራው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ነበር፤ ትከሻው መስኮቱን ጋርዶታል። ቀኝ እጁ ማብሪያው ላይ፣ ግራ እጁ የድምፅ ማንሻው ላይ። ድምፁ ሲመጣ ሞላ ብሎ መጣ፤ ከበሮው ደረት ላይ ያርፋል፤ ጉምጉምታውም በመዝሙሩ ተውጦ አይሰማም። «ሰማችሁ አይደል?» አለ። ረዳቱ ከወዲያ «ኧረ ሌላ ዕቃ ነው የሚመስለው!» ብሎ ተቀበለው። በቴሌብር ከፈልኩ።

ገመዱ ካርቶን ውስጥ ሲገባ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «ከፍ አለ እንጂ አልተለወጠም» አሉኝ። ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁ፤ 27 ይላል። «ወንድሜ፣ እስኪ 22 ላይ መልሰውና በሁለቱም ገመድ አሰማን» አልኩት። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። መጥቶ አምፕሊፋየሩን ከሶኬቱ ነቀለውና «ብሩ ገብቷል፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። ይህስ ይሁን። ቀጥሎ ወደ አባቴ ዞረና «አንተ ሽማግሌ፣ ጆሮህ ቢደነቁር ነው እንጂ ይህ ለሚሰማ ሰው ነው» አላቸው።

የዜማውን ስልት፣ ግዕዙን ከዕዝል፣ ዕዝሉን ከአራራይ ለይተው ስንቱን ደቀ መዝሙር ያስተማሩ ሰው ናቸው! ተማሪ አንዲት ርክርክ፣ አንዲት የዜማ ምልክት፣ ቢያዛንፍ ከሩቅ ሰምተው ያርማሉ። ረዳቱ አፉን በእጁ ይዞ ይስቃል። አባቴ መልስ አልሰጡትም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ብሩን ልተወው እችል ይሆናል፤ ይህን ግን አልተውም።

ማታውኑ ቤት ውስጥ ሞከርነው። ራዲዮ የሚጠግነው የአክስቴ ልጅ ቴስተሩን ይዞ መጣ። የድምፅ መለኪያ የተጫነበትን ስልኬን ከስፒከሩ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ አስቀመጥን፣ ቁጥሩን 22 ላይ አቆምን፣ ከፍ ዝቅ የማይል የ1000 ኸርዝ ድምፅ ከፈትን። በአሮጌው ገመድ 71 ዴሲቤል። በአዲሱም 71 ዴሲቤል። 27 ላይ ስናደርገው በሁለቱም 76። ሱቁ ውስጥ የሰማነው ልዩነት የመጣው ከሰውዬው ግራ እጅ ነበር። ድምፅ ከፍ ሲል የሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከቀድሞው አብልጦ ይሰማዋል፤ «ቤዙ ጨመረ» የሚል ገዢ የሰማውን ነው የሚናገረው። እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ገመዱ ድምፁን የሚለውጥበት መንገድም የለውም። መብራቱ ከጣና በለስ ይምጣ ከህዳሴው ግድብ፣ ረጅም የአሉሚኒየም ሽቦ ተጉዞ፣ በትራንስፎርመር ወርዶ፣ ቆጣሪያችሁን አልፎ ነው ሶኬቱ ጋ የሚደርሰው። በዚያ ሁሉ መንገድ የገባበትን ነገር የመጨረሻዋ ሜትር ተኩል አታስወጣውም። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈውም የ50 ኸርዝ መብራት እንጂ መዝሙር አይደለም። አምፕሊፋየሩ ተቀብሎ ቮልቱን ያወርደዋል፣ በዳዮዶች ወደ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኮረንቲ፣ ይቀይረዋል፣ ኮረንቲ በሚያጠራቅሙት ትልልቅ ካፓሲተሮች ያረጋጋዋል፤ ድምፁን የሚያጎሉት ትራንዚስተሮች የሚያገኙት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ኮረንቲን የሚገታበት መጠን በሜትር 0.012 ኦም ገደማ ነው። በደርሶ መልስ 3 ሜትር፣ 2 አምፔር ቢያልፍበት የሚጠፋው 0.07 ቮልት ያህል ነው። በዚያች ምሽት ሶኬታችን ራሱ ከ220 ወርዶ 196 ቮልት ነበር፤ አምፕሊፋየሩ ግን ያለ ችግር ይሠራ ነበር።

ጉምጉምታው በአዲሱም ገመድ እንደነበረ ነው። የአክስቴ ልጅ የዲሹን ሪሲቨር ከአምፕሊፋየሩ ሲነቅለው ጸጥ አለ። አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ በኩል፣ ሪሲቨሩ ደግሞ ውጭ ባለው ዲሽ በኩል ከመሬት ጋር ተገናኝተው ነበር፤ በሁለቱ መካከል የሚዞረው ትንሽ ኮረንቲ ነው የሚያጉረመርመው። መፍትሔው ምንም ብር አላስወጣንም። ገመዱን ደግሞ ልጡን ገፍፈን ሽቦውን በቢላ ፋቅነው፤ ላዩ መዳብ፣ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም! ያ ሁሉ ውፍረት ጎማ ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ ብዙ የሚስብ ዕቃ ከተሰካበት ከመዳቡ ይልቅ ይግላልና ለምጣድም ለምንም እንዳትጠቀሙበት።

ስትገዙ የድምፅ ማንሻውን ራሳችሁ ያዙ፤ ቁጥሩ ሳይነካ ገመዱ ይቀየር። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እኔ ሰኞ ጠዋት የተፋቀውን ገመድና ደረሰኙን ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ገመድ የተሸጠላችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንግባ።