የተማሪ አውቶቡስ ወይስ የጭቃ ቤት?
ደሴ ላይ አሮጌ የተማሪ ሰርቪስ ገዝቶ ቤት ማድረግ ያጓጓል። ጣሪያና ግድግዳው አለ፤ ወንበሩን መንቀል ነው። ችግሩ ብርዱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቆርቆሮ ደግሞ ሙቀት አይዝም። ሌሊት ቤተሰቡ ሲተነፍስ ጠዋት መስታወቱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ የልጆቹን ብርድ ልብስ ያረጥባል። ግድግዳው ውስጥ ፎም ካልገባ አያስተኛም። ኮምቦልቻ ወርዶ ቢቆም ቀኑን ምድጃ ይሆናል።

ጭቃ ቤት አድካሚ ነው። ጭዱ ከጭቃው ጋር ይቦካል፣ ይረገጣል፣ በየጊዜው ይመረጋል። ግን ወፍራም ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል።

እኔ ልጆች ካሉ ጭቃውን እመርጣለሁ። አውቶቡሱ የሚያዋጣው ሥራው ከቦታ ቦታ ለሚያዞረው ነው። እሱም ቢሆን ቡናውን ውጭ ያፍላ፤ በተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።