ሳቶ ለደንቢያና ለወገራ ሽንት ቤት፦ ሳህኑ ደህና ነው፣ ጣጣው አገጣጠሙ ላይ ነው

ሳቶ በጉድጓድ ሽንት ቤት አፍ ላይ የሚገጠም የፕላስቲክ ሳህን ነው። ከሥሩ በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ምላስ አለው፤ ውሃ ሲደፋበት ምላሱ ዝቅ ይላል፣ ያለው ይወርዳል፣ ከኋላ ያለው ማመዛዘኛ መልሶ ይዘጋዋል። ምላሱ ላይ የምትቀረው ጥቂት ውሃ ሽታውንና ዝንቡን ትይዛለች። ስፕሪንግ የለው፣ የሚዝግ ብረት የለው።

ከጎንደር ገዝቶ ወደ ደንቢያ ወይም ወገራ ገጠር ለሚወስድ ሰው ግን ዋናው ወጪ ስላቡ፣ ማለትም ሳህኑ የሚገጠምበት የጉድጓዱ የሲሚንቶ ክዳን ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ሆኖ 6 ሴ.ሜ ለሚወፍር ስላብ ከ50 ኪሎ ሲሚንቶ ግማሹ ይበቃል፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ባለ 8 ሚሊ ፌሮ አንድ ቤርጋ (12 ሜትር) ተቆራርጦ በ20 ሴ.ሜ ልዩነት አምስት በአምስት ይታሰራል፤ በሳህኑ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብረት ተቆርጦ ቁራጩ ዙሪያውን ይከበዋል። ከዚያ ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሶ ማጠጣት ነው። የደረቀው ስላብ ወደ 140 ኪሎ ስለሚመዝን ለማንሳት አራት ጎረምሳ ይጠራ።

ብልሽቱ የሚጀምረው ሙሌቱ ላይ ነው። ምላሱ በፌስታል ሳይጠቀለል ሲሚንቶ ከፈሰሰ፣ ጥፍር የምታህል ቅሪት ማጠፊያው ላይ ደርቃ አፉን ከፍታ ታስቀረዋለች። ሳህኑ በውሃ ልክ ካልተቀመጠም ምላሱ በአንድ ጎን ያንገዳግዳል። ጠርዙ ከስላቡ ፊት 1 ሴ.ሜ ያህል ዝቅ ይበል፤ ከፍ ካለ የእጥበት ውሃ ዙሪያውን ይቋጥራል። ሙሌቱ ሳይጠነክር ፌስታሉን አንስቶ አንድ ጣሳ ውሃ ደፍቶ መሞከር ነው፤ ያኔ ማቃናት ይቻላል። በጭቃ መግጠምስ? አይሆንም። ጭቃ ሲደርቅ ከፕላስቲኩ ይላቀቃል፣ ዝንብም በስንጥቁ ይገባል።

ለመጥረጊያ ድንጋይ ወይም ቆረቆንዳ የሚጠቀም ቤት ሳቶ ባይገዛ ይሻለዋል፣ ምላሱ ይወተፋል። በእንጨት ሲጎረጉሩት ማጠፊያው ይሰበራል። በተራው ጉድጓድ የለመድነው አመድ መነስነስም እዚህ ይቅር፤ እርጥቡ ምላስ ላይ ይጋገራል። ውሃ በሚርቅበት በወገራ ደጋ የእቃና የልብስ እጣቢ በቂ ነው፣ ንጹሕ ውሃ አይባክንም።

ደንቢያ ሌላ ጉዳይ ነው። ዋልካው በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ያልተገነባ ጉድጓድ ይደረመሳል፣ ስላቡም ሳህኑም አብረው ይወርዳሉ። ግድግዳው በድንጋይ ይገንባ፣ የላይኛው ግማሽ ሜትር በሲሚንቶ ይታሰር፣ አፉ ከመሬት 50 ሴ.ሜ ከፍ ይበል። የጉድጓዱ አፍ ከ80 ሴ.ሜ አይስፋ፤ አለዚያ ስላቡ የሚያርፍበት ጠርዝ ያጣል። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ 30 ሜትር መራቁ የትም ቢሆን አይቀርም።

ትራኮማን (ዝንብ የምታስተላልፈውን የዓይን በሽታ) ይከላከላል ተብሎ ሲሸጥ ግን ትንሽ መጠንቀቅ ነው። ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ምላሱ ከሚያግደው ዝንብ ይልቅ ልጆቹን ወደ ሽንት ቤት ማስገባቱ ይበልጣል። ጨለማ ጉድጓድ የሚፈራ የአምስት ዓመት ልጅ የተዘጋ ሳህን ላይ ሳይፈራ ይቀመጣል። የጨቅላው ዓይነ ምድር ግን አሁንም ጓሮ እየተጣለ ከሆነ፣ ሳህኑ ምንም አላደረገም።