ከአርባ በኋላ ጂዩ ጂትሱ፦ የጀማሪዎች ክፍል ዋጋውን ያወጣል?

የብራዚል ጂዩ ጂትሱ (ባላጋራን መሬት ላይ ይዞ በማነቅ ወይም መገጣጠሚያን በመቆለፍ እጅ የሚያሰጡበት ትግል) ማሰልጠኛዎች ለአዲስ ገቢ የሚያቀርቡት ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ ወርሃዊ ክፍያ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የጀማሪዎች ክፍል፣ አንድ ሰዓት ወይም ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ልምምድ፣ ነጭ ቀበቶ። የሃያ ዓመት ወጣት የትም ቢገባ ይበቃዋል፤ ቢጎዳም በሳምንቱ ይነሳል። አርባን ላለፈ ሰው ግን በማስታወቂያቸው አንድ የሚመስሉ ሁለት ክፍሎች በተግባር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ነጻ ትግሉ (ሁለት ሰልጣኞች የተማሩትን በእውነት የሚታገሉበት ጊዜ) ከሚመራበት መንገድ ነው። ማን ከማን ጋር ይጋጠማል? ከየትኛው አቋም ይጀመራል? ለስንት ደቂቃ? አንድ ዙር ዘሎ ማረፍስ ያስነውራል? አገልግሎቱን የመዘንነው በዋናነት በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ስፖርቱ ለዕድሜው ይመጥናል ወይ ለሚለው አጭር መልስ አዎ፣ በልክ ከተያዘ። መሠረቱ ጁዶ ነው። ጃፓናዊው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 እ.ኤ.አ. ብራዚል ገብቶ ያስተማረውን የብራዚሉ የግሬሲ ቤተሰብ ተቀብሎ ወደ መሬት ትግል አዘነበለው። በቤተሰቡ ውስጥ ቀጭኑ ኤሊዮ ግሬሲ (1913–2009 እ.ኤ.አ.) ጉልበት የሚፈልገውን ትቶ በጊዜ አጠባበቅና በአጥንት አቀማመጥ የሚሠራውን አጎላ። ለጎልማሳ ጀማሪ የሚጠቅመውም ይኸው ነው፦ ቡጢና እርግጫ የለም፣ አብዛኛው ሥራ ከወለሉ ስለማይርቅ ከፍታ የለም፣ ከታች ሆኖ መከላከል ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከባዱ ጉዳት በብዛት የሚመጣው ከቆሙበት ሲጣሉና ሰውነት በድንገት ሲጠማዘዝ ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ የዲስክ ወይም የዓይን ሬቲና ችግር ያለበት ሰው ግን ከመመዝገቡ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ለሐኪሙም «ስፖርት ልጀምር ነው» ብሎ አይለፈው፣ አንገት የሚታነቅበትና የሰው ክብደት ደረት ላይ የሚያርፍበት ስፖርት መሆኑን ይንገረው።

ማሟሟቂያው ብዙ ክፍሎች ነጥብ የሚጥሉበት ቦታ ነው። ሃያ ደቂቃ ሩጫና ፑሽ አፕ ሰውነትን አድክሞ ወደ ቴክኒኩ ያደርሳል፤ የደከመ ሰው ደግሞ እጁን የት እንደሚያደርግ አያስብም። ጥሩው ክፍል በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለዚሁ ስፖርት የሚሆኑ እንቅስቃሴዎችን ያሠራል፦ ዳሌን ወደ ጎን ማሸሽ፣ ድልድይ መሥራት (በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ወደ ላይ ማንሳት)፣ ከመሬት በአንድ እጅና በአንድ እግር ተደግፎ መነሳት፣ አወዳደቅ። አወዳደቅ የሚጀመረው ቁጢጥ ብሎ ነው፤ ቆሞ መውደቅ የሚመጣው ሰውነቱ ሲለምደው ነው። አገጭ ወደ ደረት ይሰበሰባል፣ ክንዱ ከጎን ወደ 45 ዲግሪ ተዘርግቶ በመዳፍና በክንድ ሙሉ ወለሉን ይመታል። መዳፍን ከኋላ ተክሎ መውደቅን ለመግታት መሞከር የእጅ አንጓና የክርን ጠንቅ ነው፤ ጎልማሳ ጀማሪ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የኋላ ግልብጥ ካለ በትከሻ ላይ ተሸጋግሮ ይሠራል፣ በአንገት ላይ ፈጽሞ። አሰልጣኙ «ይህን ልዝለለው» ሲባል ፊቱን የሚያጨፈግግ ከሆነ የተቀረውን መገመት ይቻላል።

ከቴክኒክ ትምህርቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የሚጠበቀው ማምለጥ ነው። አዲስ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን ከሥር ስለሚያሳልፍ ከሥር መኖርን ሳይማር ስለ ማነቅ ቢማር ለትግሉ አይሆነውም። ሰው ደረቱ ላይ ሲቀመጥበት (ማውንት) የሚሠራው ድልድይ ጥሩ መፈተኛ ነው። በአንድ ወገን ያለው የባላጋራ ክንድ ተይዞ ይጠመዳል፣ በዚያው ወገን ያለው እግሩ በእግር ይቆለፋል፣ ከዚያ ዳሌ ወደ ላይ ተነስቶ በትከሻው አቅጣጫ ይገለበጣል። የማይሠራበት ምክንያት ሁለት ነው፦ ወይ ክንዱ ብቻ ተይዞ እግሩ ተረስቷል፣ ወይ ድልድዩ ቀጥታ ወደ ላይ ወጥቷል። በቀጥታ የወጣ ድልድይ ያነሳዋል እንጂ አይገለብጠውም። በተዘረጉ እጆች ደረቱን መግፋት ደግሞ ክንድን አሳልፎ መስጠት ነው፤ አርምባር (ክንድን ዘርግቶ ክርንን ወደ ተቃራኒው የሚያጥፍ ቁልፍ) የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከጎን ሲታፈኑም (ሳይድ ኮንትሮል) መርሁ አይለወጥም፦ አንዱ ክንድ አንገቱ ሥር፣ ሌላው ዳሌው ላይ እንደ ምሰሶ ይቆማል፣ ዳሌ ይሸሻል፣ በተፈጠረው ክፍተት ጉልበት ይገባል። ክንዶቹ የሚቆሙት ርቀት ለመጠበቅ ነው፤ ሰውየውን አንስቶ ለመጣል አይደለም። ይህንን የማያስተካክል አሰልጣኝ ተማሪውን በጡንቻው እንዲታገል እየፈረደበት ነው። በመጀመሪያው ወር ቤሪምቦሎ (ከሥር ተገልብጦ የባላጋራን ጀርባ መያዝ) ወይም ስፓይደር ጋርድ (እጅጌውን ይዞ ክንዱን በእግር እየገፉ መከላከል) የሚያስተምር ክፍል ምንም ያህል ዓይን ቢማርክ ለዚህ ዕድሜ አይመከርም፤ አንዱ አንገትን ያጣምማል፣ ሌላው ጣትን ይጨርሳል።

ወደ ዋናው እንምጣ። ከአንድ የተወሰነ አቋም ተነስቶ መታገል (ፖዚሽናል ስፓሪንግ) ለጎልማሳ ጀማሪ ከነጻ ትግል ይልቅ ዋጋ አለው፤ እንዲያውም አንድ ክፍል ይህንን በየቀኑ የሚያሠራ ከሆነ ሌላ ጉድለቱን ብዙ ይቅር ያሰኛል። ጋርድ ማለት የታችኛው ባላጋራውን በእግሮቹ መሃል ይዞ የሚከላከልበት አቋም ነው። ለምሳሌ ሁለቱ ከሃፍ ጋርድ (የባላጋራው አንድ እግር ብቻ ከተያዘበት) ይጀምራሉ፤ የላይኛው እግሮቹን ለማለፍ፣ የታችኛው ለመገልበጥ ወይም ጋርዱን ለመዝጋት ይሞክራል። አንዱ እንደተሳካለት ቆም ብለው ከመጀመሪያው ይነሳሉ። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ቦታ መለዋወጥ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ መጣጣል የለም፣ ግራ የተጋባ መተራመስ ይቀንሳል፣ አንድ ችግር በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይመጣልና ይጠናል። በነጻ ትግል ያው ሰው አምስት ደቂቃ ሙሉ ከሥር ታፍኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ምን እንደተማረ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ነጻ ትግል ሲመጣ አጀማመሩን ልብ ይበሉ። ብዙ ቦታ ሁለቱም ተንበርክከው ይጀምራሉ፤ ከቆሙበት መጣልን ለማስቀረት ታስቦ የመጣ ልማድ ነው። ውጤቱ ግን ሁለት ሰዎች በጉልበታቸው ላይ ሆነው መገፋፋት ነው፤ የእግር ጣት ከሥር ይታጠፋል፣ ጉልበት ከተጣበቀበት ሳይነሳ ሰውነት ይዞራል። የሚሻለው አንዱ መጀመሪያውኑ ቁጭ ብሎ ጋርዱን ይዞ፣ ሌላው ለማለፍ መጀመሩ ነው። ማን ከማን ጋር የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይብሳል። ለአዲስ ሰው ምርጡ አጋር በክብደት የሚቀራረበው ሐምራዊ ወይም ቡናማ ቀበቶ (ዓመታት የሠራ ሰው) ነው፤ ፍጥነቱን ያውቃል፣ የሚያቆምበትንም። አስቸጋሪው ደግሞ ሌላው ነጭ ቀበቶ ነው፣ በተለይ ወጣቱና ብርቱው። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ክብደቱን ከማን ላይ እንደጣለ ገና አያውቅም። ጥሩ አሰልጣኝ ጥንዶቹን ራሱ ይመድባል። «እያንዳንዳችሁ ሰው ያዙ» ብሎ ወደ ጥግ የሚሄድ ካለ አጋር መምረጡ የእርስዎ ሥራ ሆነ ማለት ነው። «ዛሬ ይቅርብኝ» ማለት ይቻላል፣ ምክንያት መደርደርም አያስፈልግም።

እጅ መስጠት (ታፕ ማድረግ) በሦስት መንገድ ይሆናል፦ የባላጋራን ሰውነት በግልጽ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ፣ እጅ ከተያዘ ወለሉን በእግር መምታት፣ ወይም በአፍ መናገር። ከሁሉም አስተማማኙ ሰውነቱን እየመቱ መናገር ነው፤ ወለል መምታት በጫጫታ መሃል ላይሰማ ይችላል። ጊዜው ከመንገዱ ይበልጣል። አርምባር ላይ ክርኑ ተዘርግቶ የባላጋራው ዳሌ ሥሩ መግባቱ ሲሰማ ነው፣ ሕመም እስኪመጣ አይጠበቅም። ኪሙራ (ክንድን አጥፎ ትከሻን የሚጠመዝዝ ቁልፍ) ላይ እጅ ከወገብ ተላቆ ወደ ጀርባ መሄድ ሲጀምር፤ የትከሻ ጅማት በአርባዎቹ ያለ ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱትን የአንገት ግራና ቀኝ ቧንቧዎች የሚጫን ማነቆ ብዙ ጊዜ አያምም፤ በሰከንዶች ውስጥ ራስ ያስታል። ተረከዝ ጠምዝዞ ጉልበት የሚያጠቃው ሂል ሁክ ከሁሉም ይከፋል፣ ሕመሙ የሚሰማው ጅማቱ ከተጎዳ በኋላ ሊሆን ይችላልና። በዓለም አቀፉ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን ደንብ ነጭ ቀበቶ ሂል ሁክ፣ ኒ ባር (ጉልበትን ከልክ በላይ የሚዘረጋ) እና ቶ ሆልድ (እግርን በጣቶቹ በኩል ይዞ የሚጠመዝዝ) አይሠራም፣ የእጅ አንጓ ቁልፍም ገና አልተፈቀደለትም። ይህንን ድንበር በልምምድ የማያስከብር ክፍል ካጋጠመ ሌላ ይፈለግ፤ እዚህ ላይ የምንቆርሰው ነጥብ የለንም፣ በቀጥታ ይወድቃል።

ዕቃን በተመለከተ ማሰልጠኛው በምዝገባ ዕለት የሚሸጠውን ጊ (የልምምድ ልብስ) መግዛት ግዴታ ካልሆነ አይቸኩሉ። መጠኑ ከኤ0 እስከ ኤ5 ይሄዳል፣ በቁመትና በክብደት ሠንጠረዥ ይመረጣል፤ ሆድ ለወጣለት ሰው አንዳንድ አምራቾች ሰፋ ያለውን «ኤች»፣ ለረጅምና ለቀጭን «ኤል» የሚል ምልክት ያለውን ይሠራሉ። ፐርል ዊቭ የሚባለው ሽመና በካሬ ሜትር ከ350 እስከ 450 ግራም አካባቢ ሲመዝን ለጀማሪ በቂ ነው፤ ከዚያ የከበደው ላብ ጠጥቶ ይጎትታል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጥጥ ይጨማደዳል፣ «አስቀድሞ የታጠበ» የሚል ቢለጠፍበትም። በቀዝቃዛ ውኃ አጥቦ ጥላ ላይ ማስጣት ነው መላው፤ በማድረቂያ ማሽን የገባ እጅጌ ክርን ጋ መውጣቱን ይቀጥላል። ለውድድር እጁ ተዘርግቶ እጅጌው ከአንጓው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ማጠር የለበትም። ሁለት ጊ ያስፈልጋል፤ አንድ ብቻ ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ እርጥቡን ለብሶ ይመጣል።

የጥርስ መከላከያ ከመጀመሪያው ቀን። በሙቅ ውኃ ለስልሶ የሚነከሰው ዓይነት ይበቃል፤ አፍ ሲከፈት ከወደቀ እንደገና መቅረጽ ነው። የጣት ፋሻ የሚመረጠው ጠባቡ፣ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ጣቱን በጥቂቱ አጥፎ ከመሃለኛው መገጣጠሚያ በታች አንድ ወይም ሁለት ዙር፣ በመገጣጠሚያው ላይ ሰያፍ አሻግሮ ከላይ ሌላ ዙር፣ ከዚያ በተቃራኒው ሰያፍ ተመልሶ የመስቀል ቅርጽ ማውጣት። የጣቱ ጫፍ ከጠቆረ ወይም ከቀዘቀዘ ፋሻው ከልክ በላይ ጠብቋል። ፋሻ የሚረዳው ግን የኮሌታና የእጅጌ አያያዝን ለለመደ ጣት ነው፤ ባላጋራው ሲነጥቅ የሙጥኝ የሚለውን ሰው ፋሻ አያድነውም፣ ይልቀቀው።

ንጽሕና በዓይን የሚታይ ነገር ስለሆነ በነጻ የሙከራ ቀን ይፈተሻል። ምንጣፉ በየቀኑ በፀረ ተህዋስ መድኃኒት ይጠረጋል? ሰው በባዶ እግሩ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ወደ ምንጣፉ ይመለሳል? ጥፍር ያሳደገ ይታገላል? ጭርት በቆዳ ንክኪ ይዛመታል፤ የያዘው ሰው ታክሞ እስኪድን አይታገልም። ያበጠ፣ የሞቀ፣ መግል የቋጠረ ቁስል ደግሞ የባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል የሐኪም ነው። ከልምምድ በኋላ በዚያው ምሽት መታጠብ የግድ ነው፤ ያልታጠበ ጊ ደግሞ በማግስቱ አይለበስም።

ስለ ድግግሞሹ ከአሰልጣኞች ጋር የማንስማማበት ነገር አለ። «በሳምንት አምስት ቀን ገደብ የለሽ» የሚለው ጥቅል ለጎልማሳ ጀማሪ ኪሳራ ነው። ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ወራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰውየው ብርታት ተሰማኝ ባለበት ጊዜ ክርኑና ጉልበቱ ገና ወደ ኋላ ቀርተዋል። በሁለት ቀን መጀመር፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት፣ ሦስተኛውን ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ መጨመር። የጎድን አጥንት መሃል ጡንቻ ከተጎዳ (ሲስሉና ሲስቁ ያስታውቃል) ሳምንታት ይወስዳል፣ በፋሻ ጠፍሮ መቀጠሉ ያራዝመዋል።

ውድድር ለሚያምረው መልካም ዜና አለ። በዚያው ፌዴሬሽን የማስተር ምድብ ከ30 ዓመት ይጀምራል፤ ማስተር 3 ከ41፣ ማስተር 4 ከ46፣ ማስተር 5 ከ51 ነው። የነጭ ቀበቶ ግጥሚያ 5 ደቂቃ ነው፤ ጋርድ ማለፍ 3፣ ማውንት ወይም ጀርባ መያዝ 4፣ መጣልና መገልበጥ 2 ነጥብ ያሰጣሉ። ቀበቶው ግን ቶሎ አይለወጥም፤ ከነጭ ወደ ሰማያዊ ሁለት ዓመት አካባቢ መጠበቅ የተለመደ ነው። ቀን ቆጥሮ ቀበቶ የሚሸጥ ቤት ካለ የሚሸጠው ቀበቶውን ብቻ ነው።

ፍርዳችን፦ ጥንዶቹን የሚመድብ፣ ከተወሰነ አቋም የሚያታግል፣ ዙር መዝለልን የማያሳፍር ክፍል ዋጋውን ያወጣል፣ ያውም በደንብ። ይህ የሌለው ክፍል በነጻም ውድ ነው። ከመፈረም በፊት አንድ የጀማሪዎች ክፍል ሙሉውን ቁጭ ብለው ይመልከቱ፣ በተለይ የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ። ከአርባ በላይ የሆኑ ሰዎች ስንት እንዳሉና ስንቱ የጉልበት ማሰሪያ እንዳደረጉ ይቁጠሩ። ውሉን ሲያዩም ከወርሃዊ ክፍያው አስቀድሞ አባልነትን በጉዳት ምክንያት ያለ ቅጣት ማቆም የሚፈቅደውን አንቀጽ ይፈልጉ፤ ከሌለ የዓመቱን ትተው በየወሩ ይክፈሉ።