ቀኝ እጅ ለሰይፍ፣ ግራ እጅ ለድግምት፦ ስካይሪም በተዋጊ አስማተኛ ዓይን

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለው ተረት በብዙ የሚና መጫወቻ ጌሞች ውስጥ እንደ ሕግ ሆኖ ይሠራል፤ ሰይፍ የመረጠ ድግምት አይማርም፣ ድግምት የመረጠም ጥሩር አይለብስም። የጌም ኩባንያው ቤተስዳ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ያወጣው «ዘ ኤልደር ስክሮልስ 5፦ ስካይሪም» ግን ይህን ሕግ ከመነሻው አንሥቶታል። ተጫዋቹ ሲጀምር የሚመርጠው ዘሩን እንጂ ሙያውን አይደለም፤ 18ቱም ችሎታዎች ለሁሉም ክፍት ናቸው፣ የሚያድጉትም ሲሠሩባቸው ነው። በሰይፍ የመታ በሰይፍ ይሠለጥናል፣ ቁስሉን በድግምት የፈወሰም በፈውስ ይበስላል። ይህን ጌም ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬ የተጫወትኩት በአንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ ነው፤ እርሱም በቀኝ እጁ ሰይፍ፣ በግራ እጁ ድግምት የያዘ ተዋጊ አስማተኛ ነው። ሁለቱን ሙከራዎች መንገድ ላይ ተውኳቸው፣ ሦስተኛው ግን እስከ መጨረሻ አድርሶኛል። የምገመግመውም ጌሙን በጠቅላላው ሳይሆን ይህን የአጨዋወት መንገድ ምን ያህል እንደሚደግፍና የት ላይ እንደሚፈትነው ነው።

የዚህ መንገድ ውበት ገና ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይታያል። ማንኛውም ገጸ ባሕርይ ሲጀምር ነበልባል የሚተፋውንና ቁስል የሚፈውሰውን ድግምት አብሮ ይዞ ይነሣል፤ ጌሙ ከሚጀምርበት ከሄልገን ከተማ በሚወጣበት ዋሻ ውስጥም አንድ ሰይፍ ማንሣት አይቸግረውም። ግራ እጅ እሳት ሲረጭ ቀኝ እጅ የሚመታበት ያ የመጀመሪያ ግጥሚያ ምንም ዓይነት ዝግጅት ሳይጠይቅ ሁለቱንም ኃይል በአንድ ጊዜ ያስጨብጣል። ይሁን እንጂ ዋጋው ቶሎ አይታይም። በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው ድግምት የያዘ ሰው ምት መመከት አይችልም፤ ጋሻ የለውም፣ በሰይፉም መከላከል አይፈቀድለትም። በሌላ በኩል አንዱን ድግምት በሁለት እጅ አጣምሮ መወርወር ስለማይችል «ኢምፓክት» የተባለው ጠላትን የሚያንገዳግድ ፐርክ (ደረጃ ሲጨምር የሚመረጥ የችሎታ ማሻሻያ) ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ንጹሕ ተዋጊ በጋሻው፣ ንጹሕ አስማተኛ ደግሞ በማንገዳገዱ ሲድን፣ ድብልቁ ከሁለቱም መዳኛ ውጭ ሆኖ ባዶ ደረቱን ይቆማል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎቼ የወደቁት ይህን ሳልረዳ ሰይፍንና እሳትን እኩል ለማሳደግ በመጣሬ ነው። ምክንያቱ በጌሙ አሠራር ውስጥ ተቀብሯል። እሳት፣ በረዶና መብረቅ የሚወረውረው የዲስትራክሽን ችሎታ ሲያድግ የሚቀንሰው የድግምቱ ዋጋ ነው እንጂ ጉዳቱ አይጨምርም። 25 ነጥብ የሚጎዳው የእሳት ፍላጻ ችሎታው መቶ ቢደርስም ያው 25 ነው፤ በሁለት ደረጃ የሚገኘው የእሳት ማጠናከሪያ ፐርክ ቢበዛ በግማሽ ያሳድገዋል። ሰይፍ ግን በችሎታው፣ በፐርኩ፣ በአንጥረኛው መዶሻና በተቀባው አስማት በየፊናው ያድጋል። በዚህ መካከል ደረጃ በጨመረ ቁጥር የሚሰጠውን አንድ ፐርክ ለሁለት የሚከፍል ተጫዋች፣ በሃያዎቹ ደረጃዎች አካባቢ እሳቱ የማያቃጥል፣ ሰይፉም የማይቆርጥ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። በውጊያ ላይ ማጂካ (ድግምት የሚከፈልበት ኃይል) የሚሞላበት ፍጥነት ከውጊያ ውጭ ካለው ወደ ሲሶ ስለሚወርድ፣ ከሦስትና ከአራት ፍላጻ በኋላ ግራ እጅ ያለ ሥራ ይንጠለጠላል። እኔም ድራውገር የተባሉ የሚንቀሳቀሱ ሙታን ባሉበት አንድ መቃብር ውስጥ የደረሰብኝ ይኸው ነው፤ ማጂካዬ አልቆ በሰይፍ ስፋለም አንድ የሙታን አለቃ መሣሪያ የሚያስጥል የአስማት ጩኸት ጮኸብኝና ሰይፌ ከእጄ ተፈናጥሮ ጨለማው ውስጥ ገባ። በደረቴ ትይዩ መጥረቢያ ተነሥቶ እያየሁ መሬት ለመሬት ሰይፍ ስፈልግ የሞትኩት ሞት ስለ አጨዋወቴ እንደ አዲስ እንዳስብ አድርጎኛል።

በሦስተኛው ሙከራ ጥያቄውን ለወጥኩት። ድግምት ሰይፍ የሚሠራውን ሥራ ደግሞ እንዲሠራ ከመጠየቅ ይልቅ ሰይፍ ጨርሶ የማይችለውን እንዲሠራ ብተወውስ? መልሱን ያገኘሁት ኮንጁሬሽን በተባለው የመጥራት ጥበብ ውስጥ ነው። በዋይትረን ከተማ ቤተ መንግሥት ድራጎንስሪች የሚያገለግለው አስማተኛ ፋሬንጋር ከሚሸጣቸው የጀማሪ መጻሕፍት አንዱ «ባውንድ ሶርድ» ይባላል፤ ከሌላ ዓለም ለሁለት ደቂቃ የሚቆይ ሰይፍ በእጅ ላይ ይጠራል። ኮንጁሬሽን 20 ሲደርስ የሚከፈተው «ሚስቲክ ባይንዲንግ» የተባለ አንድ ፐርክ ሲታከልበት የሰይፉ መነሻ ጉልበት በጌሙ ካሉት ጠንካራ ሰይፎች አንዱ ከሆነው ከዴድሪክ ሰይፍ ጋር ይስተካከላል። ዴድሪክ ሰይፍ ለመቀጥቀጥ ግን አንጥረኝነትን እስከ 90 ማድረስና ዴድራ የተባለ የሌላ ዓለም ፍጡር ልብ ማግኘት ያስፈልጋል። የዚህ ነገር ብልሃት ሰይፉ ከአስማት ቢወለድም የአንድ እጅ መሣሪያ ፐርኮች በሙሉ እንዲሠሩለት መደረጉ ነው። ሲጠራ ኮንጁሬሽንን ያሳድጋል፣ ሲመታ የሰይፍን ችሎታ ያሳድጋል፤ ሁለት ዛፍ የመሰለው በእርግጥ አንድ ግንድ ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። ችሎታው 30 ሲደርስ የሚገኘው «ሶል ስቲለር» በተጠራው ሰይፍ የሞተውን ጠላት ነፍስ በኪስ ወዳለው የነፍስ ዕንቁ ያስገባዋል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ሌላ ድግምት ሳያባክን፣ እየተዋጋ ብቻ፣ ልብስና ጌጥ በአስማት ለማጠንከር የሚያስፈልገውን ሁሉ ያጠራቅማል። አንጥረኝነት የሚባለው ችሎታ ሙሉ በሙሉ ይቀርለታል፤ የተጠራውን ሰይፍ በመዶሻ ማሻሻል ስለማይቻል፣ በዚያ ይፈስ የነበረው ፐርክ ወደ ሌላ ይዞራል። ግራ እጅም ነጻ ሆነች። በእርስዋ የነበልባሉን አትሮናክ፣ ከእሳት የተሠራውን ፍጡር፣ ጠርቼ ከፊቴ አቆማለሁ፤ ጠላት ወደ እርሱ ሲዞር በጎን ገብቼ እመታለሁ። መመከት የማይችለው ገጸ ባሕርይ ጋሻውን አገኘ ማለት ነው፤ ጋሻው በራሱ እግር የሚሄድ፣ እሳትም የሚወረውር ነው። በዚህ ላይ የድራጎን ጩኸት፣ ማለትም በድምፅ የሚወጣው ኃይል፣ ማጂካም እጅም ስለማይጠይቅ ለድብልቁ ተዋጊ ሦስተኛ እጅ ይሆንለታል፤ ዙሪያውን ሲከበብ የሚገፈትር ጩኸት አሰምቶ ሰይፉን እንደገና ለመጥራት የሚያበቃ ጊዜ ያገኛል።

ከሌሎቹ የአስማት ዘርፎች ለዚህ መንገድ የሚበጀው ሪስቶሬሽን ነው፤ ብዙዎች መፈወሻ ብቻ አድርገው ስለሚያዩት ያልፉታል። ችሎታው 40 ሲደርስ የሚከፈተው «ሬስፓይት» የፈውስ ድግምት ጤንነትን ብቻ ሳይሆን ብርታትንም እንዲመልስ ያደርጋል። ኃይለኛ የሰይፍ ምት የሚከፈለው በብርታት ስለሆነ፣ ማጂካ በዚህ ፐርክ በኩል ወደ ክንድ ጉልበት ይለወጣል ማለት ነው። ደረጃ ሲጨምር 10 ነጥብ ለማጂካ፣ ለጤንነት ወይስ ለብርታት የሚለውን አስጨናቂ ምርጫም ያቀልለዋል፤ እኔ ለብርታት አንድም ሳልጨምር ሁለቱን ብቻ በተራ አሳድጌያለሁ፣ አልጎደለብኝምም። ስለ ልብስ ግን ቁርጥ ያለ ውሳኔ ያስፈልጋል። አልተሬሽን ሥጋን እንደ ድንጋይ የሚያጠነክሩ ድግምቶች አሉት፤ «ሜጅ አርመር» የተባለው ፐርክ እነዚህን እስከ ሦስት እጥፍ የሚያሳድጋቸው ጥሩር ላልለበሰ ብቻ ነው። ጥሩር የለበሰ ይህን ፐርክ አይንካ፣ ይህን ፐርክ የያዘም ጥሩር አይልበስ። እኔ ቀላል ጥሩር መርጫለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ግጥሚያ በተጀመረ ቁጥር ሰይፍ መጥራት፣ አትሮናክ መጥራትና ሥጋ ማጠንከር የሚባሉትን ሦስቱን ለመፈጸም ጠላት ጊዜ አይሰጥም።

የዚህ ገጸ ባሕርይ ትልቁ ፈተና ያገኘኝ ላቢሪንቲያን በተባለው ፍርስራሽ ውስጥ ነው። የዊንተርሆልድ ኮሌጅን ታሪክ እየተከተለ ወደ ታች የሚወርድ ሰው በየመንገዱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ ያናግረዋል፤ ድምፁ በተሰማ ቁጥር ማጂካው ተሟጦ ይወሰዳል። በንጹሕ አስማተኛ ለሚጫወት ሰው ይህ ጥፋት ነው። እኔ በዚያን ጊዜ በእጄ ያለው የተጠራ ሰይፍ ገና ደቂቃ ተኩል ዕድሜ ነበረው፤ ማጂካዬ ባዶ ቢሆንም የተከፈለበት ሰይፍ ስላልጠፋ በእርሱ እየመታሁ ማጂካው እስኪመለስ ቆየሁ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ያን ቦታ ሲያዘጋጁ ድብልቅ ተዋጊን ያስቡ አያስቡ፣ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ እርካታ ከየትኛውም የድራጎን ውጊያ ይበልጥ ነበር።

ጉድለቱንም አልሸሽግም። የመጀመሪያው የሜኑ ነገር ነው። ሰይፍ፣ ፈውስ፣ አትሮናክና የሥጋ ማጠንከሪያ በሁለት እጅ ማፈራረቅ የግድ ስለሆነ፣ የተመረጡ ዕቃዎች ዝርዝር በየጊዜው እየተከፈተ ውጊያውን ያቆመዋል። በኮምፒዩተር የሚጫወት ከ1 እስከ 8 ያሉትን ቁልፎች በመመደብ ይገላገላል፤ በኮንሶል የሚጫወት ግን ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ደግሞ የመጨረሻው ኃይል ልክ ማጣት ነው። ዕቃን በአስማት የማጠንከር ችሎታው ኤንቻንቲንግ መቶ ደርሶ ተገቢዎቹ ፐርኮች ከተሟሉ፣ በራስ፣ በደረት፣ በአንገትና በጣት ላይ የሚውሉ አራት ዕቃዎች እያንዳንዳቸው የአንድን የአስማት ዘርፍ ዋጋ በ25 ከመቶ ይቀንሳሉ፤ አራቱ ሲደመሩ ድግምቱ በነጻ ይሆናል። ያን ጊዜ ማጂካን የመቆጠብ ጭንቀት፣ ይህን መንገድ ያጣፈጠው ጭንቀት፣ ተነቅሎ ይጠፋል። እኔ ሁለት ዕቃ ላይ አቁሜያለሁ፤ ሌላውም እንዲሁ ቢያደርግ እመክራለሁ።

ዘርን በተመለከተ ብሬተን ይሻላል፤ ከጠላት አስማት 25 ከመቶውን ይመክታል፣ በኮንጁሬሽንም ከሌሎቹ ቀድሞ ይነሣል። የጌሙን ክብደት እጅግ ከባድ በሆነው ደረጃ «ሌጀንደሪ» ላይ ማድረግ ለዚህ መንገድ አይስማማውም፤ የተጫዋቹ ምት ወደ ሩብ ወርዶ የጠላት ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ መመከት የማይችል ሰው በአንድ ምት ይወድቃል። የሚገዛ ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ስፔሻል ኤዲሽን» ቢይዝ ይበቃዋል፤ ሦስቱም ተጨማሪ ክፍሎች በውስጡ አሉ። ከእነርሱ አንዱ «ድራጎንቦርን» በተለይ ይጠቅማል፤ የዚያን ታሪክ ዋና ጠላት ሚራክን ያሸነፈ ሰው «ዌኪንግ ድሪምስ» በተባለው ጥቁር መጽሐፍ አንድ የድራጎን ነፍስ እየከፈለ በአንድ ችሎታ ላይ የዋሉ ፐርኮችን በሙሉ ማስመለስ ይችላል። እንደ እኔ ፐርኩን በእሳት ላይ የበተነ ተጫዋች ገጸ ባሕርይውን ሳይጥል ወደ ኮንጁሬሽን የሚያዞርበት በር ይህ ነው።