ድረ ገጻችሁን ወደ ዎርድፕረስ ለማዛወር ውል ከመፈረማችሁ በፊት

በኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ኮድ) የተሠራ የቆየ ድረ ገጽ ላላችሁ ሁሉ፦ «ወደ ዎርድፕረስ (የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) እናዛውርላችኋለን፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉንም ፎቶውንም ማንንም ሳትጠብቁ ራሳችሁ ትቀይራላችሁ» የሚል የጥቅል ዋጋ ከቀረበላችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ ውስጥ ያልተጻፈውን ነገር እንድትመረምሩ አሳስባለሁ። እኔ የከፈልኩበት ሥራ በርክክቡ ዕለት ያማረ መልክ ነበረው፤ ጉድለቱ የታየው ክፍያው ተጠናቆ ባለሙያው ስልክ ማንሳት ካቆመ በኋላ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው በገጾቹ አድራሻ ላይ ነው። በቀድሞው ድረ ገጽ የእያንዳንዱ ገጽ አድራሻ «ዶት ኤችቲኤምኤል» በሚል ያልቅ ነበር። ዎርድፕረስ ግን ለገጾቹ የራሱን አድራሻ ስለሚሰጥ፣ አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚመራ 301 የተባለው ቋሚ ማዞሪያ ካልተሠራ በስተቀር፣ ለዓመታት በሌሎች ድረ ገጾች ላይ የተቀመጡ ሊንኮችም ሆኑ ጉግል የመዘገባቸው ገጾች «ገጹ አልተገኘም» ወደሚለው 404 ያመራሉ። ጉግል ራሱ ማዞሪያዎቹ በተቻለ መጠን ለረጅም ጊዜ፣ በአጠቃላይ ቢያንስ ለ1 ዓመት፣ እንዲቆዩ ይመክራል፤ በእኔ ገጽ ላይ ግን አንድም አልተሠራም ነበር። በዚህ ላይ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቀው፣ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሪዲንግ» በሚለው ክፍል የምትገኘው ትንሽ ሳጥን፣ በግንባታው ወቅት የተደረገባት ምልክት ሳይነሳላት ቀርታለች። ስለዚህ ገጹን ስትረከቡ ከምንም በፊት እርሷን ተመልከቱ።

«ራሳችሁ ትቀይራላችሁ» የሚለው ተስፋ በየትኛው አካውንት እንደሚፈጸምም ጠይቁ። ዎርድፕረስ ለተጠቃሚዎች የተለያየ ሥልጣን ይሰጣል፤ በተለመደው አሠራር «ኤዲተር» የሆነ ሰው ጽሑፍ ማረምና ማውጣት ቢችልም፣ ፕለጊን (ተጨማሪ ተግባር የሚሰጥ ቅጥያ) መጫን፣ ሥርዓቱን ማዘመን ወይም ይዘቱን ኤክስፖርት ማድረግ (በፋይል አውጥቶ መውሰድ) የሚችለው «አድሚኒስትሬተር» ነው። ደንበኛን በኤዲተርነት አስቀምጦ ለእያንዳንዷ ማሻሻያ ማስከፈል፣ በእኔ እምነት፣ ሰውን በገዛ ቤቱ ተከራይ ማድረግ ነው። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ የአድራሻ ስም) በባለሙያው ስምና ኢሜይል ከተመዘገበ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ መዝጋቢው ድርጅት ባለቤት አድርጎ የሚያውቀው ሂሳቡን የከፈለውን ሳይሆን በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ነውና።

የፈቃድ ክፍያ የሚባለውንም በጥንቃቄ አንብቡ። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነፃ የሚሰራጭ ክፍት ሶፍትዌር ስለሆነ፣ «የዎርድፕረስ ላይሰንስ» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ መሠረት የለውም። ገንዘብ የሚጠይቁት አንዳንድ ቲሞች (የገጹን መልክ የሚወስኑ ንድፎች) እና ፕለጊኖች ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከሕጋዊው ሻጭ ሳይገዙ ከሌላ ቦታ የሚወርዱ «ነልድ» የሚባሉ ቅጂዎች አሉ። እንዲህ ያለ ቅጂ ከሻጩ ማሻሻያ አያገኝም፤ ለሰርጎ ገቦች በር የሚከፍት ኮድ ተደብቆበት የሚገኝበትም ጊዜ ብዙ ነው። ደረሰኙና የላይሰንሱ ቁልፍ በእናንተ ስም ካልቀረበ አትቀበሉ።

ይዘታችሁ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚቀየር ከሆነ፣ መዛወሩ ራሱ ሊያስፈልጋችሁ እንደማይችል በግልጽ መናገር እወዳለሁ። ተራው የኤችቲኤምኤል ገጽ ዳታቤዝም (የመረጃ ቋት) ሆነ መግቢያ የይለፍ ቃል ስለሌለው ለጥቃት የሚጋለጥበት ቀዳዳ ጥቂት ነው፤ ዎርድፕረስ ግን ከተጫነ ጀምሮ የማያቋርጥ ማሻሻያና ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይፈልጋል፤ ይህንንም ማን በምን ዋጋ እንደሚሠራው በጥቅል ዋጋው ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገለጽም።

መዛወሩ የግድ ከሆነ፣ የክፍያውን የመጨረሻ ክፍል ያዙ። የአድሚኒስትሬተር አካውንቱን፣ የሆስቲንጉን (ድረ ገጹ የተቀመጠበትን አገልግሎት) መግቢያ፣ በስማችሁ የተመዘገበውን ዶሜይንና የፋይሎቹን ከዳታቤዙ ጋር የተሟላ ቅጂ ሳትረከቡ፣ አሮጌዎቹንም አድራሻዎች አንድ በአንድ ከፍታችሁ ወደ ትክክለኛው አዲስ ገጽ መምራታቸውን ሳታዩ አትልቀቁት። የቀድሞውን ድረ ገጽ ፋይሎችም በራሳችሁ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጡ።